ስለ በረዶ ምድር ለመስማት አራት ኪሎ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ሳይነጋ ነው። መንገዱን በእንቅልፍ ጨረስኩት። ስነቃ ላምበረት ደርሰናል።

ባለታክሲው ወደ አራት ኪሎ 800 ብር ጠራብኝ። «እናቴ፣ ነዳጅ እኮ ጨምሯል» ይላል። በ500 ተስማማን። መንገድ ላይ ሳይጠይቀኝ ሌላ ሰው ጫነ፤ ከሂሳቤ ግን አንድ ብር አልቀነሰም። በጣም ተናደድኩ። እኛ ጋ የባጃጅ ልጅ እንኳን ሰው ሲጨምር «ይቅርታ፣ ጠጋ በሉ» ይላል።

ያደርኩበት ፔንሲዮን ለፒያሳ ቅርብ ነው። ከሥር ያለው ቤት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃውን አላጠፋም። ጥበቃው ጋ ወረድኩ። «ምን ላድርግ እህቴ፣ እኔም አልተኛሁ» አለኝ። ብርድ ልብሱ አንድና ስስ ነበር፤ እሱ ግን አላስቸገረኝም። የአዲስ አበባ ሰው ብርድ የሚለው ለእኛ ሞቅ ያለ ቀን ነው።

የመጣሁት ለአንድ ገለጻ ነው። ጉዳዩ በሰሜን ዋልታ አካባቢ በበረዷማ መሬት ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላትና ሚቴን የሚባለው ዓለምን የሚያሞቅ ጋዝ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «ለዚህ ብለሽ?» አሉኝ። አዎ፣ ለዚህ ብዬ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ባክቴሪያ ሲባል የሚመጣላቸው በሽታ ብቻ ነው። ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል።

አቅራቢው ስዊድን የሚማር ወጣት ነው። ስቶርዳሌን ስለሚባል ረግረግ ነገረን። ቦታው አቢስኮ በምትባል የሰሜን ስዊድን መንደር አጠገብ፣ ከአርክቲክ ክበብ ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። እዚያ አካባቢ ዓመት ከዓመት የማይቀልጥ መሬት አለ፤ ፐርማፍሮስት ይሉታል። በሰሜኑ ፐርማፍሮስት ውስጥ 1,500 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ተቀብሯል። አየር ላይ ካለው ሁለት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ያ መሬት ሲቀልጥ ይሰምጣል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ ኦክስጅን ያልቃል። ባክቴሪያዎች የበሰበሰውን ተክል ወደ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲቴት ወደሚባል የሆምጣጤ ዘመድ ይሰባብሩታል። ከዚያ ሚቴን ሠሪዎቹ ይረከባሉ። እነሱ ባክቴሪያ አይደሉም፤ አርኬያ የሚባሉ ሌላ የደቂቅ ዘአካላት ወገን ናቸው። ሳይንቲስቶቹ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 አርኬያ የራሱ ወገን መሆኑን ያሳዩት እነዚሁኑ ሚቴን ሠሪዎች መርምረው ነው። ገጠር በእበት ባዮጋዝ የምናነደውም የእነሱን ሥራ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ወገን ነው፤ ሚቴን የሚበሉት። ከላይ ባለው ስስ ንብርብር፣ ኦክስጅን በሚደርስበት ቦታ ይኖራሉ። ጋዙ ወደ አየር ሳይወጣ ይበሉታል። ስፋግነም በሚባለው ሞስ፣ ረግረግ ላይ እንደ ምንጣፍ በሚበቅል ትንሽ ተክል ውስጥ የሚኖሩም አሉ። እነሱ ሚቴኑን በልተው የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞሱ መልሶ ለምግቡ ይጠቀምበታል። ስንት ነገር በጭቃ ውስጥ አለ!

ችግሩ የሚመጣው ረግረጉ ውሃ ሲበዛበት ነው። ሞሱ ይጠፋና የቀጤማ ዘመዶች ቦታውን ይይዛሉ። ግንዳቸውና ሥራቸው ውስጥ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አላቸው። ሚቴኑ በዚያ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በላተኞቹን ሳያገኛቸው ያልፋል። ስለ አየር ንብረት ሲወራ የሚነገረን ስለ በረዶው መቅለጥ ብቻ ነው። ከቀለጠ በኋላ ማን ይሠራል፣ ማን ይበላል የሚለው ካልታወቀ ግን ምን ያህል ጋዝ እንደሚወጣ መገመት አይቻልም።

ከኋላዬ አንድ ሰው «ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ደሜ ፈላ። አቅራቢው ግን በትዕግሥት መለሰለት። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ የትም ይውጣ የት ከዓለም አየር ጋር ይቀላቀላል።

አጠገቤ የተቀመጠች የማስተርስ ተማሪ ስጽፍ ስትመለከተኝ ቆየች። ስንወጣ «ቲቸር፣ ማኪያቶ ልጋብዝዎት?» አለችኝ። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ገባን። ንብርብሮቹን በሶፍት ላይ ሣለችልኝ። በአላስካ ታንድራ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ፣ ከዓመቱ ሚቴን ቢያንስ ግማሹ የሚወጣው ከመስከረም እስከ ግንቦት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት እንደሆነም ነገረችኝ። አፈሩ ወዲያው በረዶ ሆኖ አይጋገርም፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ይቆያል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የደቂቅ ዘአካላቱ ሥራ አይቆምም። የደብረ ብርሃን ሰው ነኝና ደስ አለኝ። ሂሳቡን ልክፈል ብል በጭራሽ እንቢ አለች።

ያለ ላቦራቶሪ ለተማሪ ምን ማሳየት እንደሚቻል ጠየቅኳት። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 ጣሊያን ውስጥ ማጆሬ ሐይቅ ላይ ያደረገውን ነገረችኝ። ጭቃውን በእንጨት አማሰለና የወጣውን የሚቴን አረፋ በጠርሙስ ያዘ። «እርስዎ ደግሞ የሃይላንድ ቂጡን ይቁረጡ፣ ክዳኑን ይዝጉት፣ ውሃ ይሙሉትና ጭቃው ላይ ይድፉት» አለች። በሬሳ ወንዝ ዳር ውሃ የተኛባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ይሆናል።

ወደ ላምበረት የተመለስኩት በሚኒባስ ነው። አውቶብሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። እኔም ቦት ጫማ ያላቸውን ተማሪዎች ስም መጻፍ ጀመርኩ።