አጎስቲኒ፣ ሄልውድ፣ ሮሲ ወይስ ማርኬዝ? ዋንጫ ቆጥሮ መፍረድ ለምን ያሳስታል

ሁለት ሞተረኞች ከኮምቦልቻ ተነስተው ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲገቡ ማን ቀደመ ቢባል፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ስለ ነጂዎቹ አይጠይቅም። አንዱ ቦክሰር 100፣ ሌላው 150 ይዞ ከሆነ ክርክሩ እዚያው አለቀ። ሞተሮቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም ገና ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ይቀንስበታል። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ሽቅብ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይታፈናል፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። ካንዴላውን ጠርጎ የቤንዚን ማሳለፊያዋን ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ያሳነሰ ሞተረኛ ያላሳነሰውን ዳገቱ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በነጂነት በልጦት ግን አይደለም።

የዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ማን ይበልጣል የሚለው ሙግትም አቦሉ ሳይወርድ የሚበላሸው በዚሁ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አጎስቲኒ 15 ዋንጫ አለው፣ ኒየቶ 13፣ ሄልውድ፣ ኡቢያሊ፣ ሮሲና ማርኬዝ 9፣ 9። ቁጥሩን ያየ አጎስቲኒ ብሎ ይዘጋዋል። ዋንጫው ግን ነጂውንና ሞተሩን ደምሮ ነው የሚቆጥረው። ነጂውን ለብቻው ማየት የፈለገ ያንኑ ሞተር ሌላ ሰው ሲነዳው ምን እንዳመጣ፣ ነጂውስ ሌላ ሞተር ሲሰጠው ምን እንዳደረገ ይመልከት።

ከአጎስቲኒ እንጀምር። 122 ውድድር አሸንፏል፤ እስካሁን የደረሰበት የለም። ውድድሩ በሞተር መጠን በክፍል በክፍል የተለየ ነው፤ ከ122ቱ ውስጥ 68ቱ በትልቁ በ500 ሲሲ ክፍል የተገኙ ናቸው። በ1968 የ500ውን 10 ውድድር በሙሉ፣ የ350ውንም 7 በሙሉ ወሰደ። የሚደንቅ ይመስላል። ነገር ግን ውድድሩ ሳይጀመር ሆንዳ ጥሎ ወጥቶ ነበር። አጎስቲኒ ከሥሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ኤምቪ አጉስታ ነበረው፤ 80 ፈረስ ጉልበት ገደማ። ከኋላው የሚከተሉት አብዛኞቹ ባለ አንድ ሲሊንደር ኖርተንና ማችለስ የያዙ፣ ከኪሳቸው አውጥተው የሚወዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱ ሞተር 50 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። 150ው 100ውን ሐረጎ ላይ ቢቀድመው ማን ይደነቃል?

ባዶ ሜዳ ላይ ነው የጋለበው የሚሉት ደግሞ 1975ን ይረሳሉ። አጎስቲኒ በ1974 ኤምቪን ትቶ ወደ ያማሃ ዞረ፤ ከፎር ስትሮክ ወደ ቱ ስትሮክ ማለት ነው። ይህ ብራንድ እንደ መቀየር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ፎር ስትሮክ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ይያዛል፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሁለተኛ አስገብቶ ፍሬኑን የሚያሳርፍ ሁሉ ያውቀዋል። ቱ ስትሮክ ጋዙ ሲለቀቅ እምብዛም አይይዝም፤ ሥራው በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከዚያ የከፋም አለ። ቱ ስትሮክ የሚቀባው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ስለሆነ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ጋዙ ሲዘጋ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል። ፒስተኑ ይደርቅና ሲሊንደሩን ይነክሳል፣ የኋላ ጎማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የዚያ ዘመን ነጂዎች ሁለት ጣታቸውን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳርፈው የሚነዱት ሞተሩ ሲነክስ በቅጽበት ለመጭመቅ ነበር። አጎስቲኒ ይህን ሁሉ አዲስ ተማሪ ሆኖ ለምዶ ያማሃ በገባበት ዓመት ዴይቶና 200 የሚባለውን የአሜሪካ ውድድር አሸነፈ፤ በ1975 በ33 ዓመቱ የ500ውን ዋንጫ አነሳ። በ500 ክፍል በቱ ስትሮክ የተገኘ የመጀመሪያው የነጂዎች ዋንጫ ይኸው ነው። ከ15ቱ አንዷ ብቻ ትቆጠር ቢባል መቆጠር ያለባት ይቺ ናት።

ማይክ ሄልውድ ሲነሳ ሰው ሁሉ 1978ን ያነሳል፤ እሱን በኋላ እንመጣበታለን። ጉዳዩ ያለው 1967 ላይ ነው። የሆንዳው ባለ አራት ሲሊንደር 500 ከኤምቪው ይልቅ ጉልበት ነበረው፤ ሻንሲው ግን ጉልበቱን አይችለውም። ኩርባ ላይ ይወዛወዛል፣ ቀጥታ መንገድ ላይም ጭራውን ይቆላል። ሄልውድና አጎስቲኒ በዚያ ዓመት 5፣ 5 ውድድር አሸንፈው በነጥብም እኩል ወጡ፤ ዋንጫው ሁለተኛ በመውጣት ብዛት ለአጎስቲኒ ተሰጠ። ጣሊያን ሞንዛ ላይ ሄልውድ እየመራ ጥቂት ዙር ሲቀረው ማርሹ ባይከዳው ኖሮ ክርክሩ አይኖርም ነበር። በዚያው ዓመት በ250 እና በ350 ሁለት ዋንጫ ወስዷል። ሦስት ዓይነት ሞተር፣ በአንድ ቀን ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ እየወጣ።

ማን በምትባለው በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለች ደሴት (አይል ኦፍ ማን) የተካሄደው የዚያ ዓመት ውድድር ከሁሉም ይነገርለታል። መንገዱ የሕዝብ መንገድ ነው፤ በቤትና በድንጋይ አጥር መካከል ያልፋል፣ ተራራ ይወጣል። አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መልስ ቢባል ብዙ አይሳሳትም። ሄልውድ አንዱን ዙር ከ21 ደቂቃ በታች ጨረሰው፤ በአማካይ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር። የሐይቅን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ረጋ ብሎ ያስበው። ዙሩ 6 ነው፤ በድምሩ 364 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመግባት ጥቂት ሲቀር። መሃል ላይ የጋዙ መያዣ ላልቶበት ቆሞ በመዶሻ መትቶ አጠበቀውና ቀጠለ። አጎስቲኒ እየመራ ሳለ ካቴናው ተበጠሰ። ያ የዙር ሰዓት እስከ 1975 ድረስ አልተሰበረም።

1978 ላይ ደግሞ ከማን ደሴት 11 ዓመት ርቆ፣ በ38 ዓመቱ፣ በዱካቲ ተመልሶ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው በሱዙኪ ቱ ስትሮክ ዋናውን ውድድር አሸነፈ። በሄልውድ ላይ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ያም ትክክል ነው። በ1967 ያንን 500 ሆንዳ ዓመቱን ሙሉ አብሮት የነዳ ሌላ ሰው ስለሌለ ከማን ጋር እናመዛዝነው?

ከዚያ በኋላ የመጣውን የአሜሪካኖች ዘመን በፍጥነት እንለፈው። ኬኒ ሮበርትስ ከ1978 እስከ 1980 ሦስት ተከታታይ ዋንጫ ሲወስድ ከአፈር ሜዳ ውድድር ያመጣውን አነዳድ አስፋልት ላይ አሳየ፤ የኋላ ጎማን በጋዝ አንሸራትቶ ኩርባውን በእሱ መጠምዘዝ። ስፔንሰር በ1985 የ250ውንና የ500ውን ዋንጫ በአንድ ዓመት ወሰደ። ኤዲ ሎውሰን 1988ን በያማሃ፣ 1989ን በሆንዳ አሸነፈ። ሎውሰን ዝምተኛ ስለነበረ ነው መሰል ቡና ላይ ስሙን የሚያነሳው የለም። በሞተር ቅያሪ መለኪያ ግን ከፊተኞቹ ነው።

ሚክ ዱሃን ላይ ቆም እንበል። የ500 ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል 130 ኪሎ ገደማ ሆኖ ከ150 ፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው፤ ጉልበቱም በጠባብ የፍጥነት ክልል ውስጥ በድንገት ነው የሚመጣው። ነጂው ተጋድሞ ሳለ ጋዝ ሲከፍት የኋላ ጎማ ይንሸራተታል፤ ደንግጦ ሲለቅ ጎማው በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ሞተሩም ነጂውን እንደ በቅሎ ሽቅብ ይወረውረዋል። ብዙ እግር የተሰበረው በዚህ ነው። ሆንዳ በ1992 አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራርበው እንዲተኩሱ አደረገ፤ በተኩስና በተኩስ መካከል ጎማው ትንፋሽ ያገኝና መሬቱን መልሶ ይይዛል። ዱሃን ይህንን ይዞ ዋንጫውን እየመራ ሳለ ሆላንድ አሰን ላይ ወድቆ እግሩን ሰበረ። ቁስሉ ከፍቶ እግሩ ሊቆረጥ ደረሰ፤ የውድድሩ ሐኪም ዶክተር ኮስታ ደም እንዲያገኝ ብለው ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፉለት። ዋንጫውን በ4 ነጥብ በያማሃው ነጂ በሬኒ ተነጠቀ።

የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ከዚያ በኋላ አልታጠፍ አለ። የኋላ ፍሬን ደግሞ በቀኝ እግር ነው የሚረገጠው፤ ቦክሰሩም ላይ እንዲሁ ነው። ወደ ቀኝ ሲጋደሙ እግሩ በሞተሩና በአስፋልቱ መካከል ስለሚጠብ ለጤነኛውም አይመችም። ዱሃን በግራ እጁ አውራ ጣት የሚገፋ የኋላ ፍሬን አሠርቶ መሪው ላይ አስገጠመ። በዚያ እግርና በዚያ አውራ ጣት ከ1994 እስከ 1998 አምስት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። በ1997 ደግሞ ትንፋሽ የሚሰጠውን ሞተር ትቶ ወደ ቀድሞው፣ ወደሚናከሰው ተመለሰና ከ15 ውድድር 12ቱን አሸነፈ። የቡድን አጋሮቹ ክሪቪየና ኦካዳም ሆንዳ ነበር የሚነዱት። ዛሬ የአውራ ጣት ፍሬን በሞቶጂፒ (ትልቁ ክፍል ከ2002 ወዲህ የሚጠራበት ስም ነው) የተለመደ ዕቃ ነው።

ቫለንቲኖ ሮሲን መመዘን ቀላል ነው፤ ሚዛኑን ራሱ ነው ያቀረበው። 2001፣ 2002 እና 2003ን በሆንዳ አሸንፎ "ሞተሩ ነው" ሲሉት ወደ ያማሃ ሄደ። ያ ያማሃ በ2003 አንድም ውድድር አላሸነፈም፤ ከሦስቱ ውስጥ የገባውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሮሲ ከዱሃን ጋር ይሠራ የነበረውን ሜካኒኩን ጄረሚ በርጀስን አስከትሎ ገባ። ያማሃ የተለያዩ ሞተሮች ሲያቀርብለት ተኩሱ ወጣ ገባ የሆነውን መረጠ፤ ያው ጎማውን የሚያስተነፍሰው ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው ውድድር እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ደቡብ አፍሪካ ዌልኮም ላይ ሚያዝያ 2004 ተካሄደ። ሆንዳ የያዘውን ቢያጂን በ0.210 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። በዚያ ዓመት 9 ውድድር፣ ዋንጫውንም ጨምሮ።

ሚዛኑ ግን ወደ ሌላም ያጋድላል። ሮሲ በ2011 እና 2012 ዱካቲ ላይ ተቀምጦ አንድም አላሸነፈም። ያንን ፋብሪካ ኬሲ ስቶነር በ2007 በ10 ድል ለዋንጫ አብቅቶታል፤ አብሮት የነበረው ካፒሮሲ ያመጣው አንድ ድል ነው። ከስቶነር በኋላ ዱካቲ ሌላ የነጂ ዋንጫ እስኪያገኝ 15 ዓመት ጠብቋል። የሮሲ ደጋፊ ይህን ሲሰማ ርዕስ ይቀይራል።

ማርክ ማርኬዝ ላይ ማስረጃው ከሁሉም ይበዛል። 2019 ላይ ሆንዳውን ይዞ ከ19 ውድድር 12ቱን አሸንፎ 420 ነጥብ ሰበሰበ። በሆንዳ ከእሱ ቀጥሎ የጨረሰው ክራችሎው 133 ነጥብ ነው ያለው። የሦስት ጊዜ የሞቶጂፒ ሻምፒዮኑ ሎሬንዞ፣ መጎዳቱና ውድድሮች ያመለጡት መሆኑ ይታወቅለትና፣ 28። በ2020 ስፔን ሄሬዝ ላይ የቀኝ ክንዱን ሰብሮ አራት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። 2024 ላይ ዓመት ያለፈበት ዱካቲ ሰጡት፤ 3 ውድድር አሸነፈበት። ያንኑ ዓመት ያለፈበትን ሞተር የነዱት ሌሎቹ ሦስት ነጂዎች የእሁዱን ውድድር አንድም አላሸነፉም። በ2025 አዲሱን ሰጡት፤ 11 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በአጠገቡ ያው ሞተር የነበረው የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑ ባኛያ ያገኘው 2 ነው።

ታዲያ ማርኬዝ አንደኛ? አይደለም። ማርኬዝ በ2017 ሻምፒዮን ሲሆን ልምምዱንም ጨምሮ 27 ጊዜ ወድቋል። አነዳዱ ይኸው ነው፤ አርብ ዕለት ወድቆ ወሰኑን ያገኘዋል፣ እሁድ ከወሰኑ አንድ ፀጉር ወዲህ ይነዳል። ይህን የሚያስችለው ሰፊው የጠጠር ሜዳና ልብሱ ውስጥ የሚነፋው ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ ከ2018 ወዲህ በሕግ ግዴታ ሆኗል። ሄልውድ ቀጭን ቆዳ ለብሶ በድንጋይ አጥር መካከል ሳይወድቅ ነበር ያንኑ ወሰን ማግኘት የነበረበት። ስለዚህ ሄልውድ ይቀድማል፣ ማርኬዝ ይከተላል፣ ከዚያ ሮሲ፣ ከዚያ አጎስቲኒ። 15 ዋንጫ ያለውን ሰው አራተኛ ማድረግ የሚያስቆጣው አንባቢ ካለ አብሽር፤ 1975ን ይዞ ከመጣ አንድ ደረጃ ከፍ ይደረግለታል። 1968ን ይዞ ከመጣ ግን ባለበት ይቆያል።

አንሄል ኒየቶ የት ሄደ ለሚል፦ 13ቱ ዋንጫዎች በሙሉ የ50 እና የ125 ሲሲ ናቸው፤ የ50ዋ ሞተር የቦክሰር 100 ግማሽ መሆኗ ነው። በእነዚያ ክፍሎች የሚስተካከለው አልነበረም፤ ወደ ትልቁ ክፍል ግን ዋንጫ ፍለጋ አልወጣም፤ ስለዚህ ከላይኞቹ ጋር የምናነጻጽርበት የጋራ ሞተር የለንም። ሰውዬው በቁጥር 13 ገድ የለሽነት ስለሚያምን የዋንጫውን ብዛት ሲጠየቅ "12+1" ነበር የሚለው።