ኪቦርዴን ሲነጥቅ የኖረውን ፕሮግራም እንዴት አድኜ እንደያዝኩት

ይህን የምጽፈው ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ እየተየብኩ ሳለ ያልከፈትኩት መስኮት ድንገት ከፊት ይመጣና የምጫናቸውን ፊደላት ሁሉ ይወስዳል፤ ዓይኔ ከጎኔ ባለው ወረቀት ላይ ከሆነ ደግሞ ይህን የማውቀው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከጠፋ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አንቀጽ ልጀምር ኢንተርን ስጫን፣ በዚያችው ቅጽበት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ለማስነሣት ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት ብቅ አለና ቁልፉን እንደ እሺታ ቆጠረው። ያላስቀመጥኩት ሥራ በሙሉ ጠፋ።

ስማቸውን ጽፈው የሚመጡት መስኮቶች ቀላሎች ናቸው፤ በየፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ወይም የሚሠሩትን ፕሮግራሞች በሚያሳየው በታስክ ማናጀር በኩል ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው እንዳይነሡ አድርጎ መገላገል ይቻላል።

ሰው ሁሉ የሚመክረው ግን የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት በሪጀስትሪ ውስጥ ያለውን «ፎርግራውንድ ሎክ ታይምአውት» የተባለ ቁጥር ማስተካከልን ነው። እርግጥ ዊንዶውስ ከጀርባ ያለ ፕሮግራም እንዳሻው ወደ ፊት እንዳይመጣ የሚከለክል ደንብ አለው፤ የተከለከለው ፕሮግራም ከፊት በመምጣት ፈንታ ከታች ባለው አሞሌ ላይ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ቁጥሩ ቁልፍ ወይም ማውስ ከነካችሁ በኋላ ክልከላው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይወስናል፤ መነሻው 200000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 200 ሰከንድ ነው። ደንቡ ግን ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ለምሳሌ ከፊት ያለው ፕሮግራም ራሱ ያስነሣው ሌላ ፕሮግራም ወደ ፊት መምጣት ይፈቀድለታል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩ ቀድሞውንም ትክክል ነበር፣ መስኮቱ ግን መምጣቱን አልተወም። ስለዚህ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ካላገኛችሁት በስተቀር በሪጀስትሪ ውስጥ መዋል ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ያንገላታኝ ስም የሌለው ጥቁር መስኮት ነው። ብልጭ ብሎ ዓይን ሳያርፍበት ይጠፋል፤ እሱ ከጠፋም በኋላ ኪቦርዱ ወደ ጽሑፌ አይመለስም፣ በማውሱ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ታስክ ማናጀርን ከፍቶ መጠበቅ ምንም አልጠቀመኝም፤ ዝርዝሩ ሳያሳየው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳልና። መፍትሔ የሆነኝ በፓወርሼል፣ ማለትም በዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ፣ የጻፍኩት አጭር ትእዛዝ ነው፦ በየ100 ሚሊሰከንዱ ከፊት ያለው መስኮት የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ይጠይቃል፣ መልሱ ሲለወጥ ሰዓቱንና ስሙን በፋይል ይመዘግባል። መዝገቡ መጀመሪያ ያሳየኝ የዊንዶውስን የራሱን ትእዛዝ ማስኬጃ ብቻ ስለነበር፣ የተነሣበትን ሙሉ የትእዛዝ መስመርና ያስነሣውን ወላጅ ፕሮግራም ጭምር እንዲጽፍ ጨመርኩበት። ያን ጊዜ በገንዘቤ ገዝቼ የምጠቀምበት ፕሮግራም የተጫነበት ፎልደር ወለል ብሎ ታየ፤ ያስነሣው ደግሞ ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሣው የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ነበር። በየሰዓቱ አዲስ እትም መኖሩን የሚፈትሽ ሥራ በዚያ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

ማስረጃውን ይዤ ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ብጽፍ የተሰጠኝ መልስ ፕሮግራማችን ምንም መስኮት አይከፍትም የሚል ነበር። ሰዓቱን ከእነ ትእዛዝ መስመሩ ስልክላቸው ደግሞ «አትረብሹኝ» የተባለውን ቅንብር አብሪ አሉኝ፤ ይህ ቅንብር ማሳወቂያዎችን ዝም ያሰኛል እንጂ መስኮት እንዳይከፈት አያግድም። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና እንድጭን መከሩኝ፤ ያም ያንኑ ሥራ እንደገና ከማስመዝገብ ያለፈ ፋይዳ የለውም። መዝገቡን አንድ ሰው እንኳ ከፍቶ ያነበበው አይመስለኝም፣ እስከ ዛሬም ያናድደኛል። ደጅ አትጥኑ፤ መዝገቡን ራሳችሁ አንብባችሁ ራሳችሁ አስተካክሉ።

በታስክ ስኬጁለር ውስጥ «ስውር» የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ፤ እሱ የሚሰውረው ሥራውን ከዝርዝሩ እንጂ መስኮቱን ስላልሆነ አትታለሉበት። የሚጠቅመው ሥራው ተጠቃሚው ገብቶም ይሁን ሳይገባ እንዲሄድ የሚያደርገው ምርጫ ነው። ይህ ሲመረጥ ሥራው ከተጠቃሚው ዴስክቶፕ ውጭ ስለሚሄድ መስኮቱ ከፊት ሊመጣ አይችልም። አንዳንዶች ሥራውን ጨርሶ መሰረዝ ይሻላል ይላሉ፤ እኔ አልስማማም፣ የደኅንነት ጥገናዎች የሚመጡት በዚሁ በኩል ነውና።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ይህን ያህል አትደክሙም። ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ መስኮቶች ኪቦርድ እንዳይነጥቁ የሚከላከልበትን መጠን በደረጃ ያስመርጣል፤ እኔ ብሆን ከዝቅተኛው ወደ መካከለኛው ከፍ አደርገው ነበር። ሌላው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በሆነው በጂኖምም አዲስ የሚከፈቱ መስኮቶችን አያያዝ «ጥብቅ» ማድረግ ይቻላል።

በዊንዶውስ ላይ ግን ፕሮግራሙ ራሱን ባደሰ ቁጥር ሥራውን እንደ አዲስ ሊያስመዘግብና ያስተካከላችሁትን ሊሽር ይችላል፤ በእኔ ላይ ደርሷል። ስለዚህ የፓወርሼሉን ትእዛዝ አትሰርዙት፣ ከእያንዳንዱ ዕድሳት በኋላም ታስክ ስኬጁለርን ከፍታችሁ ምርጫው እንዳለ መቆየቱን ተመልከቱ።