ሲምባሉ የት ገባ?

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለኤሌክትሮኒክ ድራሙ አምፕሊፋየር ልንመርጥ ወጥተን ነበር። ልቡ ያረፈው የጊታር አምፕ ላይ ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ድምፁም ይጮኻል። ባለሱቁ አልተከራከሩትም። ገመዱን ሰክተውለት «እስቲ ችክችካ ምታልኝ» አሉት።

መታ። ሲምባሉ የለም፤ የናስ ሳህኑ ድምፅ ጠፍቷል! ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚመታ ነው የሚመስለው።

«አየህ ልጄ፣ የጊታር ስፒከር የድምፁ ቅጥነት 5,000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ይደክማል። ሲምባል ግን ከ10,000ም በላይ ይሄዳል» አሉና ገመዱን ነቅለው ባለ 12 ኢንች ሞንታርቦ ላይ ሰኩት። ድምፁን ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ከፍ አደረጉ፤ ድንገተኛ የኪክ፣ ማለትም በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ምት ስፒከር ይጎዳል ብለው።

ሃይ-ሃቱ፣ ጥንዱ ሲምባል፣ ጥርት ብሎ መጣ። ኪኩን ሲረግጠው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያው ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ መምታቱን አቁሞ ማንኪያውን አየ። እንደገና ረገጠ፣ እንደገና አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሲለማመድ የኖረ ልጅ ነው፤ የገዛ እግሩ አንድን ነገር ሲያንቀሳቅስ ያየው ገና ዛሬ ነው።

እኔ ከቤት ስወጣ ዋትና ዋጋ ብቻ ነበር የማሰላው። ችክችካን የሚሸከመው ሃይ-ሃቱ መሆኑን እያወቅሁ፣ እሱን የሚውጥ ሳጥን ልገዛለት ነበር።

ብሩ ትንሽ ጎድሎናል። ባለሱቁ እስከ ወሩ መጨረሻ አስቀምጥላችኋለሁ ብለዋል። መንገዱን ሙሉ ወንድሜ ጉልበቱን በጣቶቹ እየመታ መጣ።