ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ፦ ካርታው ሌላ፣ ነፋሱ ሌላ

ሲንጋፖር ካለው ቻንጊ እስከ ኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ኤርፖርት 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምድር ላይ ሁለት ቦታዎች የቱንም ያህል ቢራራቁ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘሉም። ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛውን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትጨርሰዋለህ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብለህ ብታካፍለው 17 ሰዓት ይመጣል። ትኬቱ ግን ወደ 19 ሰዓት ይላል።

መንደርደሩ፣ ሽቅብ መውጣቱ፣ ለማረፍ ዝቅ ማለቱ ሁሉ ሰዓት ይበላል። ደግሞም አውሮፕላኑ አጭሩን መስመር አይከተልም። ሉል ላይ ክር ብትወጥር ከሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭር መንገድ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያልፋል። ፊቴ ያለው ስክሪን ላይ ስከታተል ግን እኛ ወደ ፓስፊክ አቅንተናል። እዚያ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። ከኋላ ሲገፋህ ኪሎ ሜትሩ ቢጨምርም ሰዓቱ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ፍጥነታችን በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። እኔ የገፋሁት ይመስል ኮራሁ።

ኩራቴን ያበላሸው ጎረቤቴ ነው። ገና መብራት ሳይጠፋ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም አወለቀ። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ያውም ወደ እኔ ዞሮ። እኔ መስኮት ጋ ነኝ፣ እሱ መውጫዬን ዘግቷል። ሰው መቀስቀስ ነውር ነው ብዬ ብዙ ታገስኩ። በኋላ ግን ፊኛዬ ይሉኝታ አያውቅም፣ ቀሰቀስኩት። ገላመጠኝ!

ኋላ መጸዳጃው አጠገብ አንዲት አሮጊት ቆመው ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ሲያዩኝ ሳቁና «ና፣ አንተም አድርግ፣ ደም እንዳይረጋብህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም ሊያረጋ ይችላል። እንደ ወታደር ጎን ለጎን ቆመን ተረከዛችንን ስናነሳና ስንጥል ቆየን። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። የጉዞው ምርጥ ሰዓት ያ ነበር።

የተነሳነው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ፓስፊክ ላይ ፀሐይ ወጣች፤ ሳንጠግባት ጠለቀች። ኒው ዮርክ ያረፍነው ሲነጋጋ፣ 12 ሰዓት ግድም ነው። በካሌንደሩ ያለፈው አንድ ሌሊት ብቻ! ወሩ ሐምሌ ስለነበር የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ድፍን 12 ሰዓት ነው፤ የእጅ ሰዓቴን መንካት አላስፈለገኝም። ሰውነቴን ግን ማን ያስረዳው?

የፓስፖርት ሰልፉ ደግሞ የትኛውም የርቀት ስሌት ውስጥ አልገባም። ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአየር ሰንጥቀህ መጥተህ የመጨረሻዋን 50 ሜትር እንደ ኤሊ ትሄዳታለህ።

ለመመለሻው መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ይዣለሁ። ያ በረራ በአትላንቲክና በአውሮፓ በኩል የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ አሁንም ወደ ምሥራቅ፣ አሁንም ነፋሱን ከኋላ አድርጎ።