የጎረቤቴን ማሙሽ ከልጄ ጋር ስይዝ፦ እስካሁን የሠራልኝ

ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ድሬዳዋ። ጎረቤቴ ሥራ ስትጀምር ልጇን ቀን ቀን እኔ እንድይዝላት ተስማማን። የኔዋ ሚሚ አራት ዓመቷ ነው። የሷ ማሙሽ ገና ዓመት ከመንፈቅ፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድበት፣ በር ከተከፈተ የሚሮጥበት ዕድሜ ላይ ነው። ቤት የምትውሉና እንደኔ የጎረቤት ልጅ ልትይዙ ያሰባችሁ እናቶች እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ የሠራልኝንም ገና ያልተፈታልኝንም ልጻፍላችሁ።

ከሁሉም በፊት መነጋገር ነው። ጉርብትና አለ ተብሎ ዝም ሲባል ቆይቶ ቅሬታ ያመጣል። እኛ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ሰዓቱን፣ ዳይፐሩን፣ ምግቡን፣ ገንዘቡንም ሳይቀር አነሳን። ገንዘብ ማንሳት ይከብዳል፤ ግን ልጅ ይዞ መዋል ሥራ ነው፣ ጉልበት ይጨርሳል። የክትባት ካርዱንም አየሁ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛውን መውሰዱን ማወቅ ፈለግኩ። ሁለት ልጆች ባንድ ኩባያ እየጠጡ ሲውሉ የአንዱ በሽታ የሁለቱም ነው። ቢያተኩሰው ለማን እንደምደውል፣ የቱን ሽሮፕ በስንት መጠን እንደምሰጠው ጽፋልኝ ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል።

ቀኑን የሚመራው ሙቀቱ ነው። ድሬ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ይሮጣሉ፤ ከዚያ ወደ ቤት። ማሙሽ ጠማኝ ብሎ መናገር ስለማይችል ውኃ እስኪጠይቅ አልጠብቅም፣ ቶሎ ቶሎ አቀርብለታለሁ። ዳይፐሩ ለረጅም ሰዓት ደርቆ ከቆየ ውኃ አንሶታል ማለት ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው ራሱ ጭር ይላል፤ እሱም ያኔ ይተኛል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የቀኑም የሌሊቱም ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

የቀኑንም እንቅልፍ አጎበር ውስጥ ነው የሚተኛው። አጎበር የማታ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ግን በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ ይህን ከተማ እንዴት አልጋ ላይ እንዳዋለው ያየ ሰው አይዘናጋም። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ላይ ነው። የምትራባውም ውኃ ባጠራቀምንበት በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ነው። ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከሳምንት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ይበቃታል። ስለዚህ በየሳምንቱ የውኃ ዕቃውን ፈትጌ አጥባለሁ፣ ክዳኑንም አጥብቄ እዘጋለሁ።

ክዳኑ ለሌላም ነገር ነው። ዓመት ከመንፈቅ ያለ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ ካጎነበሰ መመለስ ያቅተዋል፤ ትንሽ ውኃ ቢሆንም ይታፈናል፣ ድምፅም ላያሰማ ይችላል። እነሱ እስካሉ ድረስ ቤቴ ውስጥ ክፍት ባልዲም ሳፋም የለም። የቡናው ከሰልም የሚቀጣጠለው እሱ ሲተኛ ነው። ይህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ማሙሽ ሳይሆን የራሴ ልጅ ናት። እሱን ሳዝለው እሷም እዘይኝ ትላለች። ትታው ቆይታ የነበረውን ጡጦ ጠየቀች። አነጋገሯም እንደ ሕፃን ሆነ። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ደግሞ «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ስጪው እንጂ!» ይላታል። ይህን አነጋገር እኔ አልወደውም። ቤቷ ድንገት የጋራ ሆኗል፣ እናቷም የጋራ ሆናለች። አራት ዓመት ትልቅ አይደለም።

የሠራልኝ የማትካፈለው ነገር እንዲኖራት ማድረጉ ነው። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ከለሮቿ፣ አሻንጉሊቷና ደብተሯ አሉ። እነሱን ማሙሽ አይነካም፤ ቢያለቅስም አይነካም። ይህን ካወቀች ወዲህ የቀረውን ራሷ ማካፈል ጀመረች። እሱ ሲተኛ ያለው የመጀመሪያው ሰዓትም የሷ ነው። ዕቃ አላጥብም፣ ስልክም አላነሳም። አንዳንዴ ተረት እነግራታለሁ፣ አንዳንዴ ፀጉሯን እሠራታለሁ፣ አንዳንዴ ዝም ብለን አብረን እንጋደማለን። ይህ ሰዓት ከተዘለለ ማታ ድረስ ትነጫነጫለች።

አብረው ካልተጫወቱ ብዬ መጨነቅም ትቻለሁ። በማሙሽ ዕድሜ ያለ ልጅ ከሌላው ጎን ሆኖ ለብቻው ነው የሚጫወተው፤ ተራ መጠበቅ የሚገባው በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ኩባያ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ባዶ የወተት ቆርቆሮ አስቀምጣለሁ። ጠቡ በግማሽ ቀንሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መንከስ ግን አለ። ሲነክሳት መጀመሪያ የማቅፈው የተነከሰችውን ነው። እሱን ዓይን ዓይኑን እያየሁ «መንከስ የለም» እላለሁ፣ በቃ። ረጅም ቁጣ አይገባውም። መልሶ መንከስን የሚመክሩ አሉ፤ እኔ በጭራሽ አላደርገውም። ሰዓቱን ስከታተል አብዛኛው ከምሳ በፊት፣ ሲርበውና እንቅልፉ ሲመጣ ነው። ምሳውን ትንሽ ቀደም ሳደርገው ቀነሰ።

ምግብ ላይ ብዙም አልተቸገርኩም፤ ገንፎ፣ ፍርፍር፣ ሙዝ፣ ፓፓያ ሁለቱም ይበላሉ። የምጠነቀቀው ኦቾሎኒ ላይ ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒ እኛ ቤት አይጠፋም፤ እንግዳ ሲመጣም ለልጅ ዘግኖ መስጠት ፍቅር ነው። ግን ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ያልተፈጨ ኦቾሎኒ ጉሮሮ ይዘጋል። ስለዚህ ተፈጭቶ ገንፎው ላይ ይጨመራል እንጂ ፍሬው ለሁለቱም አይሰጥም። ዓመት ያለፈው ልጅ ታንቆ ማሳልና ማልቀስ ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሶ በትከሻዎቹ መሃል በመዳፍ 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን፣ እያፈራረቁ መቀጠል ነው፤ አጠገብ ያለ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። ይህን የጤና ባለሙያ በእጅ ቢያሳያችሁ ይሻላል። እኔ ለምዶብኝ እንዲቆይ በሚሚ አሻንጉሊት እለማመደዋለሁ።

ያላሰብኩት ደስታም አለ። የማሙሽ ቤት ኦሮምኛ ነው የሚነገረው። ሚሚ አሁን «ኮቱ፣ ቢሻን» (ና፣ ውኃ) እያለች ታጠጣዋለች። እሱም ስሟን በራሱ አፍ አሳጥሮ ይጠራታል፤ ጠዋት በሩን ሲያንኳኳ የሚጣራው እሷን ነው።

አሁን የቀረኝ ፖፖ ማስለመድ ነው። እናቱ ከአሁኑ እንጀምር ትላለች። እኔ ደግሞ ደርቆ የሚቆይበት ሰዓት እስኪረዝምና ሲመጣበት ራሱ እስኪያሳይ እንጠብቅ እላለሁ። እሷ ቤት አንድ ዓይነት፣ እኔ ቤት ሌላ ዓይነት ከሆነ ልጁ ግራ ይጋባል። እሑድ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። ሁለት ቤት እየዋለ ያደገ ልጅ ፖፖ ያስለመዳችሁ ካላችሁ፣ በስንት ወሩ እንደጀመራችሁና ከእናቱ ጋር እንዴት እንደተስማማችሁ ንገሩኝ።