2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ

ዛሬ አራት ኪሎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመ ልጅ ድንገት ወደቀና ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ክብሪት ጫሩ!» አለ ወያላው። ወዲያው ሦስት ክብሪት ተጫረ። (ሌላ ጊዜ ብትለምን አንድ የማይገኝ!)

እህቱ «ተዉት፣ ምንም አታሽትቱት» ብላ በጎኑ አስተኛችው። ሊስትሮው ጃኬቱን አውልቆ ከጭንቅላቱ ሥር አደረገለት። እሷ ስልኳን አውጥታ ሰዓት ትቆጥራለች። ጣቷ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ግን ከቁጥሩ አልተነቀለም። «አምስት ደቂቃ ካለፈ ነው ሐኪም ቤት የምንሮጠው» አለችኝ።

2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ መንቀጥቀጡ ቆመ። ማንም ሳያስቆመው።

ማታ ቤት ገብቼ ይሄው ነገር አላስተኛ አለኝ፤ እንዴት በራሱ ይቆማል? ለካ በሒሳብ ሊያስረዱት የሚሞክሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ «ኤፒሌፕተር» የሚባል ሞዴል የሚጥል በሽታን መናወጥ በአምስት ተለዋዋጮች (በጊዜ ውስጥ በሚቀያየሩ መጠኖች) ብቻ ይገልጸዋል። ሁለቱ በጣም ፈጣን፣ ሁለቱ መካከለኛ ፍጥነት ያላቸው ናቸው፤ አራቱ አንድ ላይ የአንጎሉን የኤሌክትሪክ ማዕበል ይሠራሉ። አምስተኛው ቀርፋፋ ነው። ከሥር ቀስ እያለ ይቀየርና መናወጡን የሚያስነሳውም የሚያበርደውም እሱ ነው።

ልጁ ቆይቶ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ተራዬ አለፈ?» ብሎ ነው። አላለፈም፤ ይዘንለት ነበር።