«ገቢያችሁ በዝቷል» የሚል ደብዳቤ ለደረሳችሁ ወላጆች

ይሄን የምጽፈው እዚህ ቨርጂኒያ የአካል ጉዳት ወይም የእድገት ችግር ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ነው፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁም አንብቡት። ለልጃችሁ ሜዲኬይድ፣ ማለት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግስት የሚሰጠውን የጤና ሽፋን፣ አመልክታችሁ ገቢያችሁ በዝቷል ከተባላችሁ ነገሩ በዛ አያልቅም። ዌቨር የሚባል ሌላ የሜዲኬይድ መንገድ አለ፣ ብዙ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሰው ተቋም ሳይገባ ቤቱ ሆኖ የሚረዳበት፣ እዛ ላይ የሚታየው የናንተ ደሞዝ ሳይሆን የልጁ ገቢ ነው፣ የሰባት አመት ልጅ ደሞ ምን ገቢ አለው? እኛን የከለከለን ቢሮ ይሄን አልነገረንም፣ ሴትየዋ ወረቀቱን ሰጥታን ቀጣዩን ሰው ነው የጠራችው። የነገረችኝ ልጄ ቴራፒ ስትገባ አብራኝ የምትጠብቅ አንዲት ኤርትራዊት እናት ናት፣ እድሜ ይስጣት።

ነገሩ የመጣው ከኬቲ ቤኬት ነው። ኬቲ በ1978 አይዋ ውስጥ የተወለደች ልጅ ናት፣ ገና በጨቅላነቷ አንጎሏ በኢንፌክሽን ታመመና በመተንፈሻ ማሽን ሆስፒታል ቀረች። ሜዲኬይድ ሆስፒታል እስከተኛች ድረስ ይከፍላል፣ እናትና አባቷ ቤት ወስደው እናስታማት ሲሉ ግን የነሱ ገቢ ይቆጠርና ይቋረጣል፣ ቤት ሆና የሚወጣው ወጪ ከሆስፒታሉ በብዙ ያነሰ ሆኖ እያለ። በ1981 ፕሬዝዳንት ሬገን ጉዳዩን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አነሱት፣ ልጅቷ ቤቷ ገባች፣ በ1982 ደሞ ስቴቶች እንደሷ ያሉትን ልጆች ቤታቸው እያሉ እንዲሸፍኑ የሚፈቅድ ህግ ወጣ። እናቷ ጁሊ ከዛ በኋላ እድሜ ልኳን ለሌሎች ልጆች ስትሟገት ኖረች። እኔ ይሄን ታሪክ ሳውቅ ነው መለመን የመሰለኝ ነገር ልመና እንዳልሆነ የገባኝ።

ዲሲ ውስጥ ይሄ ሽፋን እስከዛሬ በኬቲ ቤኬት ስም ነው የሚጠራው። ሜሪላንድ ኦቲዝም ዌቨር አላት፣ ወረፋው ግን አመታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ምርመራው ውጤቱ እንደመጣ ስም ማስመዝገብ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ሲሲሲ ፕላስ የሚባለው ዌቨር ወረፋ የለውም፣ ለእድገት ችግር የሆነው ዲዲ ዌቨር የሚባለው ደሞ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ የሚጠብቅበት ነው፣ አንዱን እያገኛችሁ ለሌላው መጠበቅ ይቻላል። ቤት መጥቶ የሚረዳ ሰው፣ እናንተ እንድታርፉ በአመት እስከ 480 ሰአት የሚተካችሁ ሰው፣ በህክምና የከበደ ልጅ ከሆነ ነርስ ይከፈላል፣ ወላጅም በተወሰነ ሁኔታ ልጁን ስለተንከባከበ በሳምንት እስከ 40 ሰአት ሊከፈለው ይችላል። የስራ ኢንሹራንሳችሁን አትተዉትም፣ እሱ መጀመሪያ ይከፍላል፣ የቀረውን ሜዲኬይድ ይይዛል። ለምሳሌ የኛ ኢንሹራንስ ፊዚካል ቴራፒውን በአመት በቁጥር ገድቦት ነበር፣ አሁን ልጄ አልተቋረጠባትም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ስክሪኒንጉ፣ ማለት ልጁ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው የሚገመግሙበት። የከተማችሁ ወይም የካውንቲያችሁ ሶሻል ሰርቪስ ደውላችሁ ለልጄ የዌቨር ስክሪኒንግ እፈልጋለሁ ትላላችሁ፣ ነርስና ሶሻል ወርከር ያያችኋል፣ ክፍያ የለውም። እኛ ሀበሾች የምንወድቀው እዚህ ነው። እንግዳ ይመጣል ብለን ቤቱን እናጸዳለን፣ ልጁን አብልተን አልብሰን እናስቀምጣለን፣ ራሱ ይበላል ወይ ሲሉን «አዎ ተመስገን ይበላል» እንላለን። አዎ ይበላል፣ ግን እንጀራው በወጥ ርሶ በጣት ተፈጭቶ፣ አገጩ ተይዞ፣ እንዳያንቀው እየታየ፣ አንዷ ምሳ አንድ ሰአት ትወስዳለች፣ መነገር ያለበት ይሄ ነው። ማን ያጥበዋል፣ ከባኞ ማን አንስቶ ያወጣዋል፣ ሌሊት ማን ይገለብጠዋል፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒቱን ማን ይሰጠዋል፣ ሲጥለው ማን አጠገቡ አለ። ገመናችንን ለባዳ አንናገርም ተብለን ነው ያደግነው፣ ይገባኛል፣ ግን እነሱ የሚጽፉት የሰሙትን ብቻ ነው፣ ያልተነገረ ሸክም ወረቀቱ ላይ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጄ መናገር ባትችልም ሁሉን ትሰማለች። ስለዚህ ለነርሷ ይሄን ኪችን ገብተን እናውራ አልኳት፣ አባቷ ከልጅቷ ጋር ሳሎን ቀረ። ልጃችሁ ፊት ችግሩን እየዘረዘራችሁ አትቁጠሩበት፣ ጠይቁ፣ እሺ ይላሉ።

አስተርጓሚ በነጻ ነው፣ መብታችሁ ነው፣ ታላቅ ወንድሙን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙት። ከተከለከላችሁ አፒል (ይግባኝ) አለ፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ አስገቡ። ኤስኤስአይ ላይ፣ ማለት መንግስት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ በየወሩ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ፣ የወላጅ ገቢ ስለሚቆጠር የተከለከለ ብዙ ሰው ዌቨሩም እንደዛው ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፣ ኤስኤስአዩም ራሱ ልጁ 18 ሲሞላው የናንተን ገቢ መቁጠር ያቆማል።

የሚያሳስበኝ ደሞ ጁላይ 2025 የተፈረመው የፌደራል ህግ ነው፣ ለሜዲኬይድ የሚመጣውን ገንዘብ በብዙ ይቀንሳል። ነርሲንግ ሆም መሸፈን ለስቴቶች ግዴታ ነው፣ አብዛኛው የዌቨር አገልግሎት ግን ምርጫ ነው፣ ገንዘብ ሲያጥር መቀስ የሚነሳው ምርጫ በሆነው ላይ ነው። ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ምክር ቤት ጃንዋሪ ላይ ይሰበሰባል፣ ከዛ በፊት ለአካባቢያችሁ ተወካይ ኢሜይል አድርጉ። እንግሊዝኛችሁ አያስጨንቃችሁ፣ ስማችሁን፣ ዚፕ ኮዳችሁን፣ ልጃችሁ በዌቨሩ ምን እያገኘ እንደሆነና ቢቀር ምን እንደሚሆን ብቻ ጻፉ፣ ሶስት አራት መስመር ይበቃል።